ፍርፍር ሊሆን የነበረው እንቁላል

ልጆች፣ ቀረብ በሉ። ዛሬ የማወራችሁ የእንቁላል ነገር ነው፤ እንቁላል ደግሞ በቀስታ ነው የሚያዘው።

ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ትርሲት የምትባል ልጅ ነበረች። ስድስት ዓመቷ ነው፤ የፊት ጥርሷ ወልቋል።

ደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ጠዋት ጠዋት ትርሲት ስታወራ ከአፏ ጭስ ይወጣል።

አንድ ቀን አባቷ በስልኩ የላንጋኖን ሐይቅ አሳያት። ልጆች ውኃው ውስጥ ቆመው ይስቃሉ፤ አንዳቸውም አይንቀጠቀጡም።

«አባዬ፣ አይበርዳቸውም?»

«ላንጋኖ እኮ ሞቃት አገር ነው» አላት። «ውኃው ራሱ ለብ ያለ ነው።»

ለብ ያለ ሐይቅ! ትርሲት ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ የላትም።

ጠዋት ስትነሳ «መቼ ነው የምንሄደው?» ማታ ስትተኛ «መቼ ነው የምንሄደው?» ትንሹ ወንድሟ ያፌት እንኳ «ላንዳኖ! ላንዳኖ!» ማለት ጀመረ።

እናቷ ሰለቻት። ከገበያ አንድ ድቡልቡል የሸክላ ሙዳይ ገዝታ መጣች።

ሙዳዩ ክዳን የለውም። አናቱ ላይ ሳንቲም የምታስገባ ቀጭን ቀዳዳ ብቻ አለችው።

«ላንጋኖ የሚወስደን ይኼ ነው» አለች እናቷ። «ሁላችንም እናጠራቅማለን። ለእንቁጣጣሽ እንሰብረዋለን፤ ከዚያ በፊት ማንም አይነካውም።»

አባቷ ባጃጅ ነጂ ነው። ከኪሱ አንድ ሳንቲም አውጥቶ ጣለ። «ቅጭል!»

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። እሷም ጣለች። «ቅጭል!»

«እኔስ?» አለች ትርሲት። «እኔ ምን አለኝ?»

«አንቺ ዶሮዎቹን ትመግቢያለሽ፤ ቤታቸውንም ትጠርጊያለሽ» አለች እናቷ። «ዶሯችን ወሰራ የምትጥለው እንቁላል የድካምሽ ዋጋ ነው። ሸጠሽ ሙዳዩ ውስጥ ትከቺያለሽ።»

አባቷ ሳቅ አለ። «አይዞሽ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

ትርሲት አንድ እንቁላል አንስታ ገለበጠችው። ከላይ አየችው፣ ከታች አየችው።

«እግሩ የታለ?»

«ይመጣል» አለ አባቷ።

ሴት ዶሮዎቹ ሁለት ናቸው፤ የጎረቤት አውራ ዶሮም አብሯቸው ይውላል። ወሰራ ጥቁርና ነጭ ናት፤ ገብስማ ደግሞ አመድ አመድ ትመስላለች።

ትርሲት በየማለዳው እህል በተነች፣ ቤታቸውን ጠረገች። እንቁላሏን ይዛ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ሄደች፤ የተሰጣትንም ሳንቲም ሙዳዩ ውስጥ ጣለች። «ቅጭል!»

አንድ ቀን ገብስማ አልነሳም አለች። ላባዋን ነፍታ እንቁላሎቿ ላይ ተቀምጣ ቀረች።

«ታቅፋለች» አለች እናቷ። «ጫጩቶች ይፈለፈላሉ፤ ያድጋሉ። ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ውድ ነው፤ ያኔ እንሸጣቸዋለን። ያለ እነሱ ሙዳዩ ብቻውን ላንጋኖ አያደርሰንም።»

ግን ወሰራ ነገረኛ ዶሮ ናት። የራሷ ጎጆ እያላት ሄዳ ገብስማ ጎጆ ውስጥ ትጥላለች።

ስለዚህ እናቷ ከሰል አነሳች። በገብስማ እንቁላሎች ሁሉ ላይ ጥቁር መስመር አሰመረች።

«ልብ በይ» አለቻት። «ምልክት ያለው አይነካም። ምልክት የሌለው ይነሳል።»

ትርሲት ዘፈን አደረገችው። ልጆች፣ እናንተም በሉ፦ «ምልክት ያለው አይነካም! ምልክት የሌለው ይነሳል!»

ቀናት አለፉ። ገብስማ ለመብላት ወጣ ስትል ትርሲት ጎንበስ ብላ ታያለች፤ ምልክት የሌለውን ትወስዳለች። «ቅጭል!»

ታዲያ አንድ ቀን ጋሽ ሸምሱ እንቁላሏን ተቀብለው አገላበጡት። «ትርሲትዬ፣ ይኼ ጭቃ ነክቶታል» አሏት። «ነገ ንጹሕ አድርገሽ አምጪልኝ፣ እሺ?»

ትርሲት አፈረች።

በማግስቱ ገብስማ ስትወጣ ትርሲት ሳፋና እርጥብ ጨርቅ ይዛ ገባች። ጎጆው ውስጥ የገብስማ እንቁላሎች አሉ፤ የወሰራም ሁለት ነጫጭ እንቁላሎች አሉ፣ አንዱ የትናንት፣ አንዱ የዛሬ።

የገብስማዎቹ በከሰል ጠቁረዋል። «ምስኪን ጫጩቶች» አለች ትርሲት። «ቤታቸው ቆሽሿል።»

ሁሉንም ሳፋው ውስጥ ከተተቻቸው። ወለወለች፣ ወለወለች፣ ወለወለች።

እንቁላሎቹ አበሩ። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኑ።

ትርሲት እጇ ቆመ። «ምልክት ያለው…» አለች። ምልክት ያለው የለም።

«ቋ ቋ ቋ! ቋ ቋ ቋ!» ገብስማ እየመጣች ነው።

ትርሲት ተጣደፈች። እንቁላሎቹን ወደ ጎጆው መለሰች፤ ሁለቱን ብቻ በእጇ አስቀረች። «እነዚህ ናቸው፣ መሰለኝ» አለች።

መሰለኝ ግን ማወቅ አይደለም። እሷም ይህንን ታውቃለች።

ሁለቱን እንቁላሎች ለጋሽ ሸምሱ ሸጠች። «ጎበዝ፣ እንዴት አማረ!» አሏት።

ሳንቲሟን ሙዳዩ ውስጥ ጣለች። «ቅጭል» አለ። ትርሲትን ግን ደስ አላላትም።

ጥቂት ቆይቶ እናቷ ወደ ዶሮ ቤት ገባች። ከዚያ ወጣችና በሩ ላይ ቆመች።

«ትርሲት፣ ምልክቱ የታለ?»

ትርሲት ጣሪያውን አየች። መሬቱን አየች።

«ትርሲት?»

«አጠብኳቸው» አለች ቀስ ብላ። «ቆሽሸው ነበር። ሁለቱን ሸጥኩ። የትኞቹ እንደሆኑ አላውቅም፣ እማዬ።»

ይኼን ብላ አለቀሰች። እናቷም ለቅሶው እስኪያልቅ አልጠበቀችም።

«በኋላ ታለቅሻለሽ። አሁን እንቁላሎቹን ወደ ጓዳ አምጪ።»

የጓዳውን በር ዘጉ። ጨለማ ሆነ። እናቷ የስልኳን መብራት አበራችና አንድ እንቁላል ከላዩ አስቀመጠች።

እንቁላሉ ውስጥ ጥቁር ነገር አለ። ትርሲት ጠጋ አለች። ጥቁሩ ነገር ንቅንቅ አለ።

«ጫጩት ነው» አለች እናቷ። «ጫጩት ካለበት ይጨልማል። ከሌለበት ይበራል።»

አንድ በአንድ አዩ። «ጨለመ፣ ጫጩት አለ። ጨለመ፣ ጫጩት አለ። ጨለመ፣ ጫጩት አለ።»

ከዚያ አንዱ እንደ ፋኖስ ቦግ አለ። «በራ፣ ጫጩት የለም።» ሌላም አንድ በራ።

የወሰራ ሁለቱ እንቁላሎች እዚሁ ናቸው ማለት ነው። ታዲያ ትርሲት የሸጠችው ምንድን ነው?

ጫጩቶቹን ነዋ። ሁለቱን የገብስማ ጫጩቶች።

«እነዚህን ሁለቱን ይዘሽ ሂጂ፤ ጋሽ ሸምሱ ይለውጡልሽ» አለች እናቷ። «እኔ የቀሩትን ለገብስማ መልሼ፣ ያፌትን አዝዬ እከተልሻለሁ። የሸጥሻቸውን ሰው ገዝቶ ሳይጠብስ ቶሎ በይ፣ የያዝሻቸው እንዳይሰበሩም ተጠንቀቂ።»

ቶሎ እና በጥንቃቄ! እስቲ እናንተ ሞክሩት፣ በሁለት እጃችሁ እንቁላል ይዛችሁ ፍጠኑ።

ትርሲት ወጣች። «ብሮጥ ይሰበራል፣ ብዘገይ ይጠበሳል። ብሮጥ ይሰበራል፣ ብዘገይ ይጠበሳል።»

ሱቁ ደረሰች። የእንቁላሉ መደርደሪያ ካርቶን ቦታው ላይ የለም።

«ጋሽ ሸምሱ፣ እንቁላሎቼስ?»

«አሁን እትዬ አስካለ ካርቶኑን እንዳለ ወሰዱት» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «ሻይ ቤታቸው ሾፌሮች ሞልተውበታል፤ እንቁላል ፍርፍር ሊሠሩላቸው ነው።»

ፍርፍር! ትርሲት ወደ ሻይ ቤቱ ዞረች።

«ብሮጥ ይሰበራል፣ ብዘገይ ይጠበሳል። ብሮጥ ይሰበራል፣ ብዘገይ ይጠበሳል።»

ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ መንገዱ ተዘጋ። ገለባ የተጫኑ አህዮች ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያሉ ያልፋሉ።

ትርሲት ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። እንቁላሎቹን ደረቷ ላይ አቀፈች። አንዱ ገለባ ፊቷን ቧጠጣት፤ እንቁላሎቹን ግን አልለቀቀችም።

የመጨረሻው አህያ አለፈ። ትርሲትም አለፈች።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ጫጫታ ነው። ራዲዮው ይጮኻል፣ ሾፌሮቹ ይሳሳቃሉ፣ መጥበሻው ላይ ዘይት ይጮኻል። «ጭስስስስ!»

እትዬ አስካለ እንቁላል አነሱ። «ኳ!» ሳህኑ ውስጥ ገባ። ሌላ አነሱ። «ኳ!»

«እትዬ አስካለ» አለች ትርሲት። ማንም አልሰማትም።

«ኳ!»

ትርሲት በጠረጴዛዎቹ መካከል ሾልካ አለፈች። እትዬ አስካለ ሌላ እንቁላል አነሱ። በሳህኑ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርገው መቱት፤ «ቀጭ» አለ። ደግመው ሊመቱ እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ።

ትርሲት ሽርጣቸውን በጎን ጥርሷ ያዘች። እጇ እንቁላል ይዟላ!

«ምን ሆነሻል፣ አንቺ ልጅ?»

«ጫጩት አለበት» አለች ትርሲት። «አይስበሩት፣ እባክዎ። ጫጩት አለበት።»

አንዱ ሾፌር ራዲዮውን ዘጋው።

«እኔ ያዘዝኩት ፍርፍር ነው» አለ። «ዶሮ ካለበት ሒሳቡ ይጨምራል እንዴ?» ሁሉም ሳቁ። ትርሲት አልሳቀችም።

ይኼኔ እናቷ ከጋሽ ሸምሱ ሰምታ፣ ያፌትን አዝላ፣ እያለከለከች ደረሰች። ነገሩን ለእትዬ አስካለ ነገረቻቸው። ከዚያ ነጠላዋን ከራሷ በላይ አጠላች፤ ትርሲትም ከሥሯ ገባች። በነጠላው ውስጥ የስልኩ መብራት በራ።

ካርቶኑ ላይ ካሉት አንዱን አየች። «በራ፣ ጫጩት የለም።»

ሌላ አየች። ሾፌሮቹም አብረው አሉ፦ «በራ፣ ጫጩት የለም።»

በራ። በራ። በራ።

«ጨለመ» አለች እናቷ። «ጫጩት አለ።»

ሾፌሮቹ አጨበጨቡ። አንዱ ተገኘ። ሌላውስ?

በራ። በራ። ካርቶኑ አለቀ። ሌላው የለም።

ትርሲት ወደ ሳህኑ ተመለከተች። ሳህኑ ውስጥ ቢጫ ብቻ ነው፤ ጫጩት የለበትም። ታዲያ የት ሄደ?

ሁሉም እርስ በርስ ተያዩ።

ያፌት ከእናቱ ጀርባ ላይ ጣቱን ቀሰረ። «እጅ» አለ።

እትዬ አስካለ እጃቸውን ረስተውት ኖሯል። እንቁላሉን እንደያዙ፣ እንዳነሱት፣ እንደዚያው ቆመዋል።

መብራቱ ላይ አስቀመጡት። ጨለመ። ጫጩት አለ።

«በሞትኩት» አሉ እትዬ አስካለ፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ትርሲት የወሰራን ሁለት እንቁላሎች ሰጠቻቸው፤ የገብስማን ሁለቱን ተቀበለች። ለውጥ በለውጥ ሆነ።

ግን በዚያ በእጃቸው በነበረው እንቁላል ጎን ላይ ስንጥቅ አለ። እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ናት።

ቤት ሲገቡ እናቷ ሻማ ለኮሰች። ስንጥቋ ላይ አንዲት ጠብታ ሰም ጠብ አድርጋ ደፈነቻት።

«ይድናል?» አለች ትርሲት።

«አላውቅም» አለች እናቷ። «እናያለን።»

ከሰሉን ግን ለትርሲት ሰጠቻት። ትርሲት በእያንዳንዱ እንቁላል ላይ ጥቁር መስመር አሰመረች። ሰም ባለበት ላይ ሁለት አሰመረች።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። ትርሲት መጠበቅ አትወድም፤ ግን ጠበቀች።

አንድ ጠዋት ዶሮ ቤቱ ውስጥ ድምፅ ተሰማ። «ጭው! ጭው! ጭው!»

ጫጩቶች ወጥተዋል። ቢጫ፣ ቡናማ፣ ጥቁር፣ እርስ በርስ ይጋፋሉ።

ሰም ያለበት እንቁላል ግን ዝም ብሏል።

ቀትር ሆነ፤ ዝም። ገብስማ ሰለቻት፤ ተነስታ ጫጩቶቿን ይዛ ወጣች። እንቁላሉ ብቻውን ቀረ።

«ተዪው፣ የኔ ልጅ» አለች እናቷ። «የቀሩት ይበቁናል።»

ትርሲት አልተወችውም። በአባቷ የሱፍ ኮፍያ ጠቀለለችው፤ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ሆዷ ላይ አቀፈችው።

አባቷ ከሥራ ሲገባ እንደተቀመጠች አገኛት። «ምን ታደርጊያለሽ?»

«አቅፌ ነው» አለች። «ዝም በል፣ አባዬ።»

ዝም አሉ። ምድጃው ውስጥ እሳቱ ብቻ ይንጣጣል።

ከዚያ… «ጥ።»

«ጥ… ጥ።»

«ጥ! ጥ! ጥ!» ቅርፊቱ ተሰነጠቀ፤ መጀመሪያ ትንሽ አፍ ወጣ። ቀጥሎ እርጥብ ራስ ወጣ።

ጫጩቷ ተንደባለለች፣ ወደቀች፣ ተነሳች። ኮፍያው ላይ ሁለት እርምጃ ሄደች።

«አባዬ» አለች ትርሲት በሹክሹክታ። «እግሩ መጣ።»

አባቷ ሲስቅ ዓይኑ እንባ ሞላ። «ስሟ ማን ይሁን?»

«ፍርፍር» አለች ትርሲት። ፍርፍር ልትሆን ነበራ!

ወራት አለፉ፤ ክረምቱም አለፈ። ጫጩቶቹ አደጉ፤ አውራዎቹ መጮህ ጀመሩ። ፍርፍር ግን ከትርሲት እግር ሥር አትጠፋም።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ደረሰ። ገዢዎች መጡ፤ ያደጉት ጫጩቶች አንድ በአንድ ተሸጡ። ከእነሱ ፍርፍር ብቻ ቀረች።

አባቷ ሙዳዩን ወደ ግቢ አወጣው። «ኳ!» ሳንቲሙ በሸክላው መካከል ተበተነ።

እናቷና አባቷ ሁሉንም ደመሩ። ከዚያ ተያዩ።

«ትርሲት» አለች እናቷ። «ያለን ገንዘብ ላንጋኖ አንድ ሌሊት ያሳድረናል። ፍርፍርም ከተሸጠች ሁለት ሌሊት እናድራለን። ልትገዛት የመጣች ሴትዮ በር ላይ ቆማለች። አንቺ ነሽ የምትወስኚው፤ ዶሮዋን ያቀፍሻት አንቺ ነሽ።»

ሁለት ሌሊት! ትርሲት ሐይቁን አሰበች። ለብ ያለውን ውኃ አሰበች።

ሴትዮዋ እጇን ዘረጋች። ፍርፍር የትርሲት ጫማ ላይ ተቀመጠች።

ትርሲት ፍርፍርን አንስታ ብብቷ ሥር ሸጎጠቻት።

«እሷ አትሸጥም» አለች። «አንድ ሌሊት ይበቃኛል።»

ላንጋኖ ሄዱ። እትዬ አስካለ ዶሮዎቹን ሊመግቡላቸው ቃል ገቡ። «እንቁላል አልሰብርም» ብለው ማሉ።

ሐይቁ ትልቅ ነው። ትርሲት ጫማዋን አወለቀች፤ አንድ እግሯን ከተተች።

ለብ ያለ ነው። ልክ አባቷ እንዳለው ለብ ያለ ነው።

ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ ዋሉ። ያፌት «ላንዳኖ! ላንዳኖ!» እያለ ውኃውን በመዳፉ መታ። እናቷም ቀሚሷን ሰብስባ ገባች፤ አባቷ ሲረጫት እንደ ልጅ ጮኸች።

ግን አንድ ሌሊት አጭር ናት። በማግስቱ መኪናው ውስጥ ትርሲት ትንሽ አለቀሰች። ሌላ ሌሊት ፈልጋ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ፈልጋ ነበር።

ማታ ደብረ ብርሃን ገቡ። ብርድ ነው። ከትርሲት አፍ ጭስ ወጣ።

ጋቢ ተከናንባ ዶሮ ቤት ሄደች። ፍርፍር ከጎጆው ተነሳችና «ቋ ቋ ቋ!» አለች።

ጎጆው ውስጥ አንድ ነገር አለ። ትንሽ ነው፣ ነጭ ነው፣ ገና ትኩስ ነው።

የፍርፍር የመጀመሪያ እንቁላል!

ትርሲት በሁለት እጇ ይዛ ገባች። መደርደሪያው ላይ እናቷ አዲስ ሙዳይ አስቀምጣለች። ውስጡ ባዶ ነው።

«ነገ ለጋሽ ሸምሱ ትሸጪዋለሽ?» አለ አባቷ።

ትርሲት ሙዳዩን አየች። እንቁላሉን አየች። ለከርሞ ሁለት ሌሊት እንዴት እንደሚገኝ አሰበች።

ምድጃው ዘንድ ሄደች፤ የጠፋ ከሰል አነሳች። በእንቁላሉ ላይ ጥቁር መስመር አሰመረች።

«ምልክት ያለው አይነካም» አለች። ከዚያ እጇን ታጥባ ተኛች።

ታሪኩም አለቀ። እናንተም ተኙ፤ ታሪኩን ግን በቀስታ ያዙት፣ እንዳይሰበር።